ለእህት የተተወ ዝምታ

አዋሽ ሰባት ኪሎ የሙዚቃ ከተማ ናት ስል የሚስቁብኝ አሉ። ሰው እዚህ የሚወርደው ምሳ ሊበላ ነው። አውቶቡሱ ሲቆም ወርዶ ፊቱን ይታጠባል፣ ጥብሱን ያዛል፣ ሙቀቱን ይረግምና ይሄዳል። ጊዜ ያለው እስከ ገደሉ አፋፍ ሄዶ ወንዙን ከላይ ያያል። ካሜራ የያዘ ደግሞ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ገብቶ ከቆሙት ፉርጎዎች ፊት ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሁሉም "ሌላስ ምን አለ?" ይላል። እኔ በከተማው ባህልና ቱሪዝም የተቀጠርኩት ለዚህ ጥያቄ መልስ እንድፈልግ ነው።

መልሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ከወሎ የመጡት ወላጆቼ በከፈቱት ሻይ ቤት አጠገብ አንድ ሙዚቃ ቤት አለ። እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያጠብኩ አድጌአለሁ፤ የማታ ትምህርት የጀመርኩትም፣ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲያስመርቁ ከሰመራ ዲፕሎማዬን ይዤ የመጣሁትም ከዚያው ሻይ ቤት ተነስቼ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በግድግዳው በኩል ዘፈን ይሰማኝ ነበር። ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን ወደ ድሬዳዋ የሚወርዱ ሙዚቀኞች እዚህ ያርፉ ነበር፤ በሆቴሉ በረንዳ ላይ መሣሪያቸውን ሲቃኙ የሰሙ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ባቡሩ ሲቀር ዘፈኑን የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ተረከቡት። ሾፌር ዘፈን ከሌለው እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ከባድ መኪና ተጠግቶ ሳይቆም የሚውልበት ቀን አልነበረም።

የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት የአባቴ አገር ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ካሴት የሚቀዱት እንደ ደንበኛው ጠባይ ነበር። አንድ ሾፌር በካሴቱ አንድ ፊት መንዙማ፣ በሌላው ፊት የጭፈራ ዘፈን ሲያስቀዳ ጋሼ "አንተ ሰው፣ ምነው ሁለቱን በአንድ ቤት አስገባሃቸው?" አሉት።

"ጭኜ ስመጣ መንዙማ፣ ባዶ ስሄድ ጭፈራ ነው ጋሼ" አላቸው። "ጭነት ላይ ከአላህ ጋር ቀልድ የለም።"

ለጎብኚ የሚያስፈልገኝ ግን የሾፌሮቹ ዘፈን ብቻ አልነበረም። ከመደርደሪያው በታች ሌላ ዓይነት ካሴት ነበር። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሠሩ አፋሮች ለዘመዶቻቸው በድምፅ መልእክት ይልኩ ነበር። ሾፌሩ ካሴቱን ይዞ ይመጣል፣ ለጋሼ ይሰጣል፤ ዘመድ በገበያ ቀን መጥቶ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሰማል። መልስም ካለው እዚያው ተቀድቶ በሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። ሰምተው ሲጨርሱ ካሴቱን ጥለውት ይሄዱ ነበር። ጋሼ "ውሰዱት እንጂ" ሲሏቸው "ቤት ወስደን በምን እንሰማዋለን? ግመሉ ቴፕ የለውም" ይሏቸዋል። ከመልእክቱ በኋላ ብዙዎቹ ያንጎራጉራሉ፤ የግመል ዘፈን አለ፣ የሠርግ አለ። ከዚያም በኋላ ቦታ ከተረፈ ጋሼ የራሳቸውን ምርጫ ይሞሉበታል። እንዲህ ነው አንድ ካሴት ላይ የወደብ ሠራተኛ ድምፅ፣ የግመል ዘፈንና የወሎ መንዙማ ተከታትለው የተገኙት። እንዲህ ያለ ነገር ያላት ከተማ ሌላ አላውቅም።

መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በከረመበት ሰሞን መደርደሪያው ተገለበጠ። ጋሼ ጠርተውኝ ስገባ ካሴቱ ወለሉ ላይ ተበትኖ፣ እሳቸው መሐሉ ቆመው አገኘኋቸው።

"ልጄ ጎማ ቤት እናድርገው እያለኝ ነው" አሉ። "ጎማውንም አዝዟል። እንግዲህ አንቺ ጎብኚ ካመጣሽልኝ ሙዚቃ ቤት፣ ካላመጣሽልኝ ጎማ ቤት።"

"አመጣለሁ" አልኩ።

"ምን ልታሰሚያቸው?"

"እነዚህን።"

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ወሰንኩ። የማንም መልእክት ባለቤቱ ወይም ዘመዱ ሳይፈቅድ ለጎብኚ አይሰማም። ሰመራ ያለው ኃላፊዬ ይህን ስነግረው ሳቀ።

"እህቴ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ስለ ዝናብ የተወራ ወሬ እኮ ነው።"

"ለአንድ ሰው የተነገረ ነው።"

"ለአንድ ሰው ከሆነ ታዲያ ሽማግሌው እንዴት ሰሙት?"

ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ዘመድ ፍለጋው አድካሚ ነበር። በየገበያው ቀን እየወጣሁ ጠየቅኩ። መልካ ወረር ድረስ ሄጄ ጥጥ እርሻው ላይ የሚሠሩትን ጠየቅኩ። ከፊሎቹ አገር ለቀዋል፣ ከፊሎቹ ሞተዋል፤ አንዱ ሰውዬ አገኘሁት ስል "የኔ ድምፅ? አልነበርኩም!" ብሎኝ ሸሸ፤ ካሴቱ ላይ ለማን ምን እንዳለ እሱ ያውቃል። በመጨረሻ ያገኘኋት አንዲት እናት ናት። ከአዋሽ አርባ ወዲያ ትኖራለች፤ በገበያ ቀን ሰሌን ይዛ ትመጣለች። "እማ፣ እንደምን አሉ" ስላት ዞር ዞር ብላ አየችና "ስንት ሰው ነው የምታናግሪው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እላታለሁ።

ወንድሟ ጅቡቲ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ካሴት ይልክላት ነበር፤ ሁሉንም በጋሼ ሱቅ ሰምታለች፤ ከአንዱ በስተቀር። የመጨረሻው የደረሰው ወንድሟ ሞቶ እዚያው ከተቀበረ በኋላ ነው። ጋሼ ሲሰጧት አልሰማም ብላ ትታው ሄደች። እኔ ያንን ካሴት ከመሬቱ ላይ ሳነሳው እሷ አርጅታለች።

"አሁንስ ትሰሚዋለሽ?" አልኳት።

"እሰማለሁ" አለች። "ያኔ መልስ ብሰጠው የሚወስድልኝ ሰው አልነበረም። አሁን ግን እኔም ወደ መሄዱ ነኝ።"

"ከፈቀድሽ ጎብኚዎችም እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።"

"መጀመሪያ እኔ።"

ካሴቶቹ አርጅተዋል፤ ቴፑ ክራቸውን ይበላዋል። ስለዚህ ሰመራ ኮምፒውተር ቤት ላለው አንድ ወጣት ልኬአቸው ነበር። ባለሙያ ነው፤ ወደ ፍላሽ ገልብጦ በአውቶቡስ ላከልኝና ደወለ። "እትዬ፣ አጽድቼ ነው የላክሁልሽ። ጩኸቱን ቀንሻለሁ፣ ባዶ ባዶውን አውጥቻለሁ። ጥርት ያለ ነው!" አመስግኜ ዘጋሁ።

በገበያ ቀን እናቲቱ ሰሌኗን በር ላይ አቁማ ገባች። ወንበር ሰጠናት፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ድምፅ ማጉያውን ወደ እሷ አዞሩ። የወንድሟ ድምፅ ሲወጣ ዓይኗን ጨፈነች። ሰላምታውን ሲያበቃ አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን ቀጥሏል። አንድ ነገር ተናገረ፣ እንደገና አፏን ከፈተች፣ እንደገና ቀደማት። እጇን ወደ ማጉያው ዘረጋች፤ እየሮጠ ያለ ሰው ልብስ እንደመያዝ ነበር። ድምፁ ሳያቋርጥ ይፈስሳል።

"አቁሚው" አለች።

አቆምኩ።

"ድምፁ የሱ ነው። አነጋገሩ የሱ አይደለም።"

"እንዴት እማ?"

"ወንድሜ ሳልመልስለት አይቀጥልም። ማነው እንዲህ የሚያሯሩጠው?" ተነሳች። "ያኔም ሳልሰናበተው ሄደ። አሁንም ጥሎኝ አለፈ። ይሄን ለማንም አታሰሚ።" ሰሌኗን አንስታ ወደ ገበያው ወጣች።

ጋሼ ግንባራቸውን ያዙ። "ወይ እኔ" አሉ። "ረስቼው! አፋሮቹ መልሳቸውን እዚህ ሲያስቀዱ አንድ ነገር ይናገሩና ዝም ይላሉ። እኔ 'ካሴቱ እያለቀ ነው፣ ቀጥሉ!' ብዬ እጨቃጨቃለሁ። 'እስኪመልስ ነው' ይሉኛል። 'እሱ ጅቡቲ ነው፣ እዚህ የለም እኮ!' ስላቸው 'ሲሰማው ይመልሳል' ይሉኛል። ተውኳቸው።"

ይህን ሲነግሩኝ ሁሉም ገባኝ። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ይቀመጣሉ፣ አንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ ሌላው በየመሐሉ "እህ" እያለ ይቀበላል። ተቀባዩ ካላሰማ ተናጋሪው አይቀጥልም፤ ቃሉን የት ያስቀምጠዋል? በሻይ ቤታችን ደጃፍ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ነገር ነው። ሰዎቹ ለብቻቸው ቴፕ ፊት ተቀምጠውም ይህን መተው አልቻሉም። ለእህት፣ ለአጎት፣ ለሚስት ቦታውን ትተውላቸዋል። ወጣቱ ባዶ ብሎ የቆረጠው እሱን ነው።

እዚያው ቆሜ ደወልኩለት።

"ያወጣኸውን ባዶ መልስልኝ።"

"ባዶ? እትዬ፣ ባዶ እንዴት ይመለሳል?"

"መጣሁ" ብዬ ዘጋሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። አዋሽ አርባን አልፈን፣ ገዋኔን አልፈን፣ ሚሌ ላይ ምሳ ተበልቶ፣ ሎጊያ ስንደርስ ነፋሱ በመስኮት እንደ ምድጃ አፍ ይነድ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው "ለሥራ ነው?" አለኝ። "ዝምታ ላመጣ ነው" ማለት አልቻልኩም፤ "አዎ" አልኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ካሴቱ ከተበላሸ ሌላ ቅጂ የለም።

ወጣቱ ሱቁ ውስጥ ነበር። ስክሪኑ ላይ የድምፁን መስመር አወጣልኝ። ጥቅጥቅ ያለ ጥርስ ይመስላል።

"ይኸው፣ ምን ጎደለው?" አለ። "ሰውየው ይናገርና ይቆማል፣ ይናገርና ይቆማል። ጎብኚ ይሰለቻል ብዬ ነው እኮ ያስተካከልኩት።"

"ያልተነካው ቅጂ የታለ?"

"ቦታ ስለያዘብኝ አጥፍቼዋለሁ።"

"ካሴቱስ?"

ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ጎትቶ አወጣ። አለ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"እንደገና ቅዳው። እንዳለ። አንድም ነገር አትንካ።"

"እትዬ፣ ካሴት እንደ ፍላሽ ቶሎ አይገለበጥም። እየተጫወተ ነው የሚቀዳው፤ የራሱን ጊዜ ይወስዳል።"

"ይውሰድ። እዚህ ነኝ።"

"ደንበኛ አለብኝ።"

"እኔም ደንበኛ ነኝ።"

ካሴቱን አስገባ። ጥቂት እንደሄደ ክሩ ተያዘና ጮኸ። አውጥቶ በእስክሪብቶ አጠበቀው፣ እንደገና አስገባው፣ እንደገና ተያዘ። "አልሆነም፣ በቃ" አለ። "ቀስ ብለህ ሞክር" አልኩት። በዚህ መሐል ኃላፊዬ ደወለ። በሳምንቱ መጨረሻ ጎብኚዎች በአዋሽ ያልፋሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፣ ሙዚቃ ቤቱን እንዲያዩ ተነግሯቸዋል።

"መልእክቱን ተዪው፣ ዘፈኑን ብቻ አሰሚያቸው" አለ። "መጨረሻው ላይ ይዘፍን የለ?"

"ዘፈኑም የሷ ነው። ካልፈቀደች ሱቁ ዝግ ነው።"

"ታዲያ ለሰዎቹ ምን ልበላቸው?"

"ገደሉን አሳያቸው።"

ወጣቱ ሳቁን መያዝ አቃተው። የካሴቱን ቅርፊት በጥንቃቄ ፈትቶ ክሩን ወደ ሌላ ቅርፊት አዛወረው። ይህ ያላዘዝኩት ሥራ ነው፤ በራሱ ነው ያደረገው። ከዚያ አስገባውና መጫወቻውን ተጫነ። ሄደ።

ሰውየው ተናገረ፣ ዝም አለ። ዝምታው ውስጥ ሩቅ የመርከብ ጥሩምባ ይሰማል። አንድ ሰው ያልፋል፣ ጫማው ይንሸራተታል። ከዚያ ቅርብ የሆነ ነገር ተሰማ።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ወጣቱ።

"ሻይ ፉት እያለ ነው።"

"እየጠበቃት?"

"እየጠበቃት።"

ድምፁን ከፍ አደረገው። በር ላይ ደንበኛ መጥቶ ሲያንኳኳ በእጁ ቆይ አለው። ካሴቱ እስኪያልቅ ሁለታችንም ከዚያ አልተነሳንም። ሲያልቅ ፍላሹን ሰጠኝና "የሌሎቹንም እንደገና እቀዳቸዋለሁ፤ ማንንም አላቋርጥም" አለኝ። ካሴቱን ግን ከዚያ በኋላ ለማንም አልተውኩትም፤ በነጠላዬ ጠቅልዬ እቅፌ ውስጥ ይዤው ተመለስኩ።

ጎብኚዎቹ የሚያልፉበት ቀን የገበያ ቀን ሆነ። ጠዋት ጋሼ ሱቅ ስደርስ ደጃፉ ላይ ጎማ ተቆልሏል። ልጃቸው ከአዳማ ይዞ መጥቶ "አባባ፣ እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?" እያለ ነበር።

"እስከ ከሰዓት" አሉት ጋሼ።

እናቲቱን ከገበያው ሄጄ አመጣኋት። መምጣት አልፈለገችም። "ያንን የሚሮጠውን ነው የምታሰሚኝ?" አለች። "አሁን አይሮጥም" አልኳት። ፊቴን መርምራ ተነሳች።

መሬት ላይ እዚያው ቦታዋ ተቀመጠች። በሩን ዘጋንና እኔ፣ ጋሼና እሷ ብቻ ሆንን። ወንድሟ ሰላም አላት፤ ቆመ። መርከቡ ጮኸ። እሷ ምንም አላለችም። ዝምታው ሊያልቅባት ነው ብዬ ጨነቀኝ። ከዚያ "እህ" አለች፤ ሰውየውም ልክ የሰማት ይመስል ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ አልሳተችም። እሱ ይላል፣ እሷ ትቀበላለች። አንዳንዴ "እህ" ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ረዘም ያለ ነገር ትመልሳለች። አንድ ቦታ ላይ ሳቀችና ማጉያውን በእጇ ጀርባ መታ መታ አደረገችው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እሱ የጠየቃትን ስትመልስ ረዘመባትና ሳትጨርስ ጀመረ፤ "ቆይ!" አለችውና ወደ እኔ ዞረች። አቆምኩላት። ነግራው ስትጨርስ አገጯን አነሳችልኝ፤ ቀጠልኩ። መጨረሻ ላይ የግመል ዘፈኑን አንጎራጎረ። ለዘፈኑ አልመለሰችም፤ ዝም ብላ ሰማችው። ዘፈኑ ሲያበቃ ካሴቱ ቶሎ አልተዘጋም፤ ዝምታ ነበር፣ ከሁሉም የረዘመ። በዚያ ውስጥ በቋንቋዋ ቀስ ብላ ብዙ ነገር ተናገረች። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ምን አለሽ እማ?" አልኳት ስትጨርስ።

"ዘንቧል ወይ አለኝ። ነገርኩት። ቀይዋ ግመል ወለደች ወይ አለኝ። የልጅ ልጇ ልጅ ወልዳለች አልኩት።" በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። "ሌላው የኔ ነው።"

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ጎብኚዎቹ መጥተዋል፤ ኃላፊዬም አብሯቸው አለ፣ በመስኮት አጮልቆ ያየኛል። ወደ እሱ አልዞርኩም። እሷን ጠየቅኳት፤ "እምቢ ካልሽ እሸኛቸዋለሁ" አልኳት፤ ያልኩትንም አደርገው ነበር።

"ዝም ብለው ሊሰሙ ነው የመጡት?" አለችኝ።

"እንደዚያ ይመስለኛል።"

"ዝም ብሎ የሚሰማ ግድግዳም አለ። ወንድሜ ከግድግዳ ጋር አያወራም።" በሩን አየች። "ሰላምታውንና የዝናቡን ይስሙ። እየመለሱ ይስሙ። ከዚያ ዘፈኑን ይስሙ። የኔ ጋ ስንደርስ ታቆሚዋለሽ።"

"አቆመዋለሁ።"

በሩን ከፈትኩ። ወንበር ስላልበቃ የጋሼ ልጅ ጎማዎቹን እያንከባለለ አስገባና አስቀመጣቸው። ምን እንደሚጠበቅባቸው አስረዳኋቸው፤ ሰውየው ሲቆም ትመልሳላችሁ፣ ካልመለሳችሁ እኔ አላስቀጥለውም። መነጽር ያደረገች አንዲት ወጣት "ቋንቋውን ሳንሰማ?" አለች።

"መቀበል ትችያለሽ አይደል?" አልኳት።

ማጉያውን ከፈትኩ። ድምፁ ከወደቡ መጣ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ቆመ። ከኋላ ጎማ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ጨንቆት ቶሎ "እህ!" አለ።

እናቲቱ መሬቱን በመዳፏ መታች። "ገና ነው! አልጨረሰም፣ ሻዩን ይዋጥ!"

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሻዩ ሲዋጥ ሰማን፤ እሷ አገጯን አነሳች፣ ጎማ ላይ የተቀመጡት ሰዎችም በአንድነት መለሱለት። ጋሼ በር ላይ ወደቆመው ልጃቸው ጎንበስ ብለው "እነዚህን ጎማዎች አልመልስልህም" ሲሉት ሰማሁ። "መቀመጫ ይሆኑኛል። የቀረውን ጫንና ሂድ።"